ሰንበቴው የጠራት ልጅ

አያ እንግዳው ወደ ጎንደር ሲደውሉ ይጮሃሉ። ርቀቱን በድምፃቸው ካልሸፈኑት ነገሩ የማይደርስ ይመስላቸዋል። ያን ቀን ግን በጩኸታቸው ውስጥ ደስታም ነበረበት።

«ምንዳዬ! ስሚኝማ። ሰንበቴው ተማክሮ የአየር ትንበያዋ ልጅ ለእሁድ ትምጣልን ብሏል። ማሽላ እንዝራ፣ ጤፍ እንጠብቅ እያልን ለሁለት ተከፍለናል። ሰው ሁሉ ከራሷ አፍ እንስማው ነው የሚለው።»

ምንዳዬ ጎንደር አራዳ ባለው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቷ ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር። ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«እነሱ ራሳቸው ናቸው ያሉት?»

«እነሱ ራሳቸው! ወርቅአፈራሁ እንኳ፣ ጠብታው አናቱ ላይ ካላረፈ ዘነበ ብሎ የማያምነው፣ ‘እሷ ካለች እቀበላለሁ’ ብሎ ተነሣ።»

ፊቷ ሞቀ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ እዚህ ሥራ ከገባች ጀምሮ ከመንደሯ ከድብ ባሕር አንድም ሰው ስለ ዝናብ ጠይቋት አያውቅም። አገሯ ስትሄድ የሚጠይቋት መቼ እንደምታገባ ነበር።

«እመጣለሁ፣ አባዬ» አለች። «ቅዳሜ ትገባለች በላቸው። ካርታም ይዤ እመጣለሁ።»

«አንቺማ ነይ፤ ቤትሽ አይደል እንዴ! እኔ የምልሽ ያቺን ጓደኛሽን ነው። በሬዲዮ የምትናገረውን። ምስጢር አይደል ስሟ?»

ምንዳዬ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው።

«ሃሎ! ተቆረጠ መሰለኝ…»

«አልተቆረጠም» አለች። «እነግራታለሁ።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላም ከኮሪደሩ ቶሎ አልገባችም። ፊቷ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች። በሩን ስትከፍት ምስጢር ቀና ብላ «ማነው?» አለቻት። «አባቴ ነው። ለእሁድ ይፈልጉሻል» አለች። ምስጢር እጆቿን አጨብጭባ ሣቀች። «እኔን? ድብ ባሕር ድረስ? ወይኔ፣ ምን ልልበስ!»

ምስጢር የአራዳ ልጅ ናት። አባቷ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከማታውቀው ሰው ጋር ማውራትን የተማረችው ከዚያ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ነው። የተቀጠረችው ከምንዳዬ በኋላ ነበር። ሁለቱ በአንድ ክፍል፣ ፊት ለፊት በተገጠሙ ጠረጴዛዎች ይሠራሉ። ምሳቸውን አብረው ይበላሉ። ሰው ጓደኛሞች ይላቸዋል፤ ምንዳዬም አይደለንም ብላ አታውቅም።

የሬዲዮውን ነገር አስቀድማ የተጠየቀችው ምንዳዬ ነበረች። ኃላፊያቸው አቶ ልዑልቃል ጠርተዋት፣ በየሳምንቱ ለገበሬው የሚተላለፍ አጭር ዝግጅት እንዳለ ነገሯት። «ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል፤ የእኔ ድምፅ አይሰማም» አለች። ትንሽ ይለምኑኛል ብላ ነበር። አልለመኗትም። ምስጢር ገባችበት፤ ወር ሳይሞላ ሰው ድምፅዋን ለየ። አሁን ምንዳዬ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ያ ድምፅ ከሾፌሩ ሬዲዮ ሲወጣ፣ ተሳፋሪውም «እስቲ ዝም በሉ፣ እንስማት» ሲባባል፣ አንገቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ማንም አልነጠቃትም፤ በገዛ አፏ ነው የሰጠችው። ንዴቷ መውጫ ያጣውም ለዚህ ነበር።

በዚያ ግንቦት ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረበት። የክረምቱ ትንበያ ሲሠራ ባለሙያዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይህ ዓመት የትኛውን ዓመት ይመስላል?» ብለው ነው። የሰሜን ጎንደር ዝናብ ጉዳዩ የሚያልቀው ሰሜን ጎንደር ላይ አይደለም። እጅግ ሩቅ በሆነው በፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃው ከልማዱ በላይ ሲሞቅ፣ አየሩ እዚያ እየተነሣ ደመና ይሠራል። የተነሣው አየር የሆነ ቦታ መውረድ አለበት፤ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛ ሰማይ ነው። አየር በሚወርድበት ደግሞ ደመና አይቆምም። በክረምት ከህንድ በኩል ተነሥቶ፣ በጣም ከፍ ብሎ፣ በላያችን ወደ ምዕራብ የሚገሠግሠው ነፋስም ይደክማል። እሱ ሲደክም ከኮንጎ ደኖችና ከአትላንቲክ በኩል እርጥበት የሚያመጣልን የታችኛው ነፋስ አብሮ ይሰንፋል። እናም ውቅያኖሱንና ነፋሱን አይተው፣ ካለፉት ዓመታት መካከል መልኩ የሚቀርበውን ይፈልጋሉ። አቻ ዓመት ይሉታል። አቻው ያንን ዓመት ምን አደረገ? ዘንድሮም ያንኑ ያደርግ ይሆናል።

ምስጢር 2007ን አለች። ዝናቡ ዘግይቶ የገባበት፣ ቶሎም የወጣበት ዓመት ነው፤ አገሩ ሁሉ ያስታውሰዋል። ምንዳዬ 2010ን አለች። በዚያ ዓመት ውቅያኖሱ የሞቀው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስለነበር ዝናቡ ደህና ነበር። ሁለቱም ያስኬድ ነበር። ስብሰባው ላይ ምንዳዬ ካዘጋጀችው ግማሹን ሳትናገር ተቀመጠች። ምስጢር ተነሥታ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ አንዴም እየሣቀች ተናገረች። አቶ ልዑልቃል የምስጢርን ወሰዱ። ምንዳዬ በልቧ «ሣቋን ነው የወሰዱት» አለች።

አባቷ በደወሉ ማግስት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ምንዳዬ የሳምንቱን አዲስ መረጃ አወረደች። ካርታው በኮምፒውተሩ ላይ ቀስ እያለ ተከፈተ። ያ ከህንድ በኩል የሚነፍሰው ከፍተኛ ነፋስ በዚህ ወቅት መበርታት ሲገባው ተልፈስፍሶ ነበር። የውቅያኖሱ ሙቀት ደግሞ ከጠበቀችው በላይ ሰፍቷል፤ ክረምቱንም የሚጠብቅ አይመስልም። ደጋግማ አየችው። 2010ን የሚመስል ነገር አልቀረበትም።

ምስጢር ልክ ነበረች።

ምስጢር ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ነበር። «አዲሱ ወረደ እንዴ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ገና ነው» አለች ምንዳዬ።

ምስጢር ብርቱካኑን ለሁለት ከፍላ ግማሹን በጠረጴዛው ላይ አሻገረችላት። ምንዳዬ ተቀብላ በላች። ነገ እነግራታለሁ አለች ለራሷ። ዓርብ መጣ፤ ዓርብም አልነገረቻትም። ካርታውን ግን አትማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደከተተችው ብትጠየቅ አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ የደባርቅን መኪና ይዘው ሄዱ። ከዋናው መንገድ ወርደው ወደ መንደሩ ሲያቀኑ ምስጢር ጫማዋ አቧራ ጠጥቶ፣ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም እያለች፣ ልክ እዚያው እንዳደገ ሰው ትሄዳለች። ቤት ሲደርሱ የምንዳዬ እናት ልጃቸውን አንዴ ስመው ምስጢርን ደጋግመው ሳሙ። «ድምፅዋን ስሰማ ወፍራም ሴት መስላኝ ነበር!» አሉ። ለማታ ልብስ ሲያወጡም ከሣጥኑ ያወጡት አዲሱን ጋቢ ነበር። ምንዳዬ ያ ጋቢ ለማን እንደተፈተለ ታውቃለች፤ እናቷ «ለምንዳዬ ነው» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች። አሁን «እንግዳ ናት፣ ይብረዳት እንዴ?» አሉ። ወንድሟ የሻው እንኳ፣ ከእሷ ጋር ሦስት ቃል የማይነጋገረው ልጅ፣ ለምስጢር የበሬዎቹን ስም እየጠራ ሲያስቃት አመሸ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ቤት ሞላ። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፤ ጠላው ዞረ። አያ እንግዳው ምስጢርን ከቄስ ፍቅረ ማርያም አጠገብ አስቀመጧት። ምንዳዬ በሩ አጠገብ፣ ከሴቶቹ ጋር ቦታ አገኘች።

ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። የመንደሩ ታችኛው ሜዳ የሁሉም ማሳ ጎን ለጎን የተኛበት ነው፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት እህል ነው የሚዘራበት። ማሽላ ከሆነ ሁሉም ማሽላ፤ ወፉንና ዝንጀሮውን በተራ ይጠብቃሉ። ጤፍ ከሆነ ሁሉም ጤፍ፤ ታጭዶ ሲያልቅ ከብቱ በአንድነት ይለቀቅበታል። ለብቻው ሌላ የዘራ ሰው የአገሩ ወፍ ሁሉ የእሱ እንግዳ ነው። ማሽላ በግንቦት ካፊያ ይዘራል፤ ክረምቱ ከረዘመለት ጎተራ ይሞላል፤ ዝናቡ ቶሎ ከወጣ ግን አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጤፍ ሐምሌን ጠብቆ ይዘራል፤ አጭር ዝናብ ይበቃዋል፤ የሚሰጠውም ያነሰ ነው። ካፊያው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ወርዶ ነበር፤ አፈሩ ረጥቧል፤ የሰው እጅ ዘር ዘር ብሎታል።

ምስጢር ተነሣች። ካርታም ወረቀትም አልያዘችም።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ደባርቅ ገበያ ደምቆ በቆመ ቀን እናንተ ገበያ ማን ይመጣል?»

«ኧረ ማን ይመጣል!» አለ አንዱ። «ውሻና ሰካራም ነው የሚቀረው።»

«ሰካራሙም ይሄዳል!» አለ ሌላው፤ ሣቅ ሆነ።

«ደመናም እንደዚያው ነው» አለች ምስጢር። «ዘንድሮ ከባሕር ማዶ፣ ከህንድም አልፎ፣ ትልቅ ገበያ ቆሟል። ውሃው ሞቋል፤ አየሩ ሁሉ እዚያ ነው የሚወጣው፤ ደመናውም እዚያ ነው የሚሸጠው የሚገዛው። እናንተ ሰማይ ላይ የሚቀረው ባዶ ሜዳ ነው። ገበያተኛው ጭራሽ አይመጣም አልልም። ዘግይቶ ይመጣል፤ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅም ይበተናል። ስለዚህ ጤፍ ጠብቁ ነው የምለው።»

ምንዳዬ ጆሮዋ ጭው አለ። ገበያው የእሷ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሲበሉ ለምስጢር የነገረቻት እሷ ናት፤ «ለአባቴ የማስረዳው ቢሆን በደባርቅ ገበያ ነበር የምመስልለት» ብላ፣ አፍራም ወሬ ቀይራ። ለአባቷ አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያለች አስቀምጣው ነበር። አሁን አባቷ በሌላ ሰው አፍ ሰምተውት ጉልበታቸውን እየመቱ ይሥቃሉ። ምንዳዬ ምስጢርን አየቻት። አሁን ትላለች፣ «ይህንን የነገረችኝ ምንዳዬ ናት» ትላለች ብላ ጠበቀች። ምስጢር አላለችም።

«ዝናብ የሚያመጣው እግዜር ነው ወይስ ገበያ?» አሉ አያ ወርቅአፈራሁ፣ ከማዕዘኑ።

«ገበያውንስ ያቆመው ማን መሰለህ?» አሉ ቄስ ፍቅረ ማርያም። «ዝም ብለህ ስማ፣ አያ ወርቅአፈራሁ።»

ሣቁ እንደገና ተነሣ። አያ ወርቅአፈራሁ ግን የሚያፍሩ ሰው አይደሉም፤ ጣታቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ። «እሺ፣ የከተማዋ ተናገረች፤ ሸጋ አድርጋ ነው የተናገረች። የእኛዋስ? የእንግዳው ልጅ ይኼንኑ ተምራ የለም ወይ? ምነው ዝም አለች?»

ሰው ሁሉ ዞረ። አያ እንግዳው በልመናም በኩራትም ዓይን ልጃቸውን አዩዋት። «በይ፣ ምንዳዬ። ቃል ተናገሪ።»

ተነሣች። ምስጢር ከወዲያ ሆና ራሷን ነቀነቀችላት፤ አይዞሽ እንደማለት። አይዞሽ ባይዋ እሷ መሆኗ ይባስ አንገበገባት። ካርታው ቦርሳዋ ውስጥ፣ እግሯ ሥር ነበር።

«ምስጢር ያለችው አንድ አስተያየት ነው» አለች። «ሌላም አስተያየት አለ። ውቅያኖሱ የሚሞቀው ዘግይቶ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚሆንበት ዓመት አለ። እንደዚያ ሲሆን ዝናቡ ደህና ነው። እኔ… እኔ ማሽላ የሚሆን ይመስለኛል።»

ድምፅዋ ተሰማ። እስከ ማዕዘኑ ድረስ ነው የተሰማው። ወሬው ከየአቅጣጫው ፈላ። የኛው ልጅ ናት። አፈሩን ታውቀዋለች። ከተሜዋማ መቼ ማሽላ አይታ ታውቃለች! አያ ወርቅአፈራሁ «እኔ ገና አላመንኩም፤ ዘሬን አላወጣም፣ አያለሁ» አሉ፤ ሌላው ግን ወደ ማሽላው አዘነበለ። አያ እንግዳው ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እንደዚያ ቀጥ ብለው የቆሙበትን ጊዜ ምንዳዬ አታስታውስም። ደስ አላት። ደስታው እንደ ጠላ ሞቅ አድርጎ ወረደ፤ ከሥሩ ግን የሚመር ነገር ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጎንደር ሲመለሱ ምስጢር ለብዙ ጊዜ ዓይኗን ከፊተኛው መንገድ አላነሣችም። ተቆጥታለች ብላ ምንዳዬ ራሷን አዘጋጀች። እንዲያውም ብትቆጣ ደስ ባላት። ምስጢር ግን ዞር ብላ ክንዷን ያዘቻት።

«ምን አየሽ?»

«ምን?»

«አዲስ ነገር ሳታዪ እንደዚያ አትናገሪም። አንቺን አላውቅሽም? መረጃው ወርዷል ማለት ነው። ነፋሱ በርትቷል?» መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች። «እውነቴን ነው፣ ደስ ነው ያለኝ። በሬዲዮ ያን ያህል ሰው ጤፍ ጠብቁ እያልኩ ብሳሳትስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ተሳስቼ ከሆነ ነገውኑ አስተካክላለሁ። ደግሞ ገበያሽን ወሰድኩብሽ፣ አይደል? የአንቺ ነው ልል ነበር፤ ከዚያ በገዛ አገሯ ላሞግሳት ብል እንደ ሽንገላ ይቆጠርብኛል ብዬ ተውኩት።»

ምንዳዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ነገ አሳይሻለሁ» አለች።

ምስጢር ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ይህን ማሰቧ ራሱ አናደዳት። ሬዲዮውን ወስዳለች፣ ጋቢውን ወስዳለች፣ ገበያውን ወስዳለች፤ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ለብቻዋ ልትወስደው ነው።

ሰኞ ጠዋት ምስጢር ወንበሯን ጎትታ አጠገቧ ተቀመጠች። ምንዳዬ ካርታውን ከፈተች። ሌላ ልታሳያት የምትችለው ነገር አልነበረም። ምስጢር ጎንበስ ብላ አየች፣ ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ይኼማ የእኔን ነው የሚደግፈው» አለች። «እንዲያውም ከእኔም ይብሳል። ነፋሱን እይው እስቲ! ይኼ መቼ ነው የወረደው?»

ቀኑ ከካርታው ጥግ ላይ ተጽፏል። ምስጢር አነበበችው። ሐሙስ። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዋ መለሰችና ተቀመጠች።

«ደውይላቸው» አለች በመጨረሻ። ጮክ አላለችም። «ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ደውይላቸው።»

ምንዳዬ ደወለች። የአባቷ ስልክ ዝግ ነበር። የየሻውም ዝግ ነበር። በዚህ ሰዓት ስልክ የሚዘጋው እርሻ ላይ የሆነ ሰው ነው። ቦርሳዋን አነሣች። ምስጢር ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል «ለአቶ ልዑልቃል እኔ እነግርልሻለሁ፤ ቤተሰብ ታሞባት ነው እላለሁ» አለች። ምንዳዬ ሳታመሰግናት ወጣች።

መንደሩ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና ከፍ እንዳለች ነበር። በታችኛው ሜዳ አንድ ጥማድ ብቻ ይታያል። የአባቷ ነው። ከጠዋት ጀምረው፣ ከሁሉ ቀድመው፣ ሰፊውን ማሳቸውን ዘርተው ለመጨረስ ጥቂት ቀርቷቸዋል። የሻው እርፉን ይዟል፤ አያ እንግዳው ዘሩን በቁናቸው ይዘው ከፊት ይበትናሉ።

«ምንዳዬ? ምነው? ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም። አባዬ፣ አቁሙ። ተሳስቻለሁ። ምስጢር ያለችው ነው ልኩ።»

አያ እንግዳው ቁናውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ትናንት እኮ አንቺ ነሽ ያልሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ሌሊቱን የመጣ አዲስ ነገር አለ?»

ምንዳዬ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ ዓይን ዓይኗን እያዩ ነበር። የከፈተችውን አፍ ዘጋችው።

«ትናንትም ታውቂው ነበር» አሉ አያ እንግዳው።

ምንዳዬ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘች።

«ተጣልታችኋል?»

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ? ቀንተሽባት ነው?»

የሻው በሬዎቹን ያለ ምክንያት ማከክ ጀመረ። ምንዳዬ የተገለበጠውን ትልም ታያለች። አያ እንግዳው ልጃቸውን አይተው ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ስልኩን ደውዬ ያችኛዋን ያልኩሽ እኔ ነኝ። ልጄ እያለች።» ከዚያ ደግሞ ድምፃቸው ጠነከረ። «ግን ምንዳዬ፣ ይኼ እኮ የሰው ጉሮሮ ነው። የእኔና የአንቺ ጉዳይ መሰለሽ?»

«አይደለም» አለች።

«በይ እንግዲያው ሂጂና ለሁሉም ንገሪ። በእኔ አፍ አይሆንም።»

ሄደች። ሰዎቹ ካፊያው ያረጠበውን ማሳቸውን እያዩ፣ ዘራቸውን እያበጠሩ፣ ለማግስቱ እየተሰናዱ ነበር። ከቤት ቤት እየዞረች ያንኑ ቃል ደገመችው፤ ምስጢር ያለችው ነው ልኩ፣ ጤፍ ጠብቁ፣ እኔ ያወቅሁትን ነገር ደብቄያችሁ ነበር። አንዳንዱ አዘነላት፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። አንዲት ሴት «እናንተ የተማራችሁ፣ ትናንት ወደ ግራ ዛሬ ወደ ቀኝ! በእኛ ላይ ነው የምትማሩ?» አለቻት። አያ ወርቅአፈራሁ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ያቺ የሬዲዮዋ ልጅ ላከችሽ?» አሉ።

«አዎ፣ አያ ወርቅአፈራሁ።»

«ሸጋ ልጅ ናት» አሉ።

ያ ቃል እንኳ፣ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ኀፍረት መካከል፣ ወጋት። ስድባቸውን በመረጠች። ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ይህን ነበር የምታስበው፤ የሚራበውን ሰው ማሰብ ሲገባት እሷ ማን ሸጋ ተባለ እያለች ትቆጥራለች። ራሷን ጠላች፤ ቅናቱ ግን በዚያ አልቀነሰም።

ማታ ከራት በፊት የሻው ለአባቱ «የዘራነውን እንገልብጠው፤ ሐምሌ ላይ ጤፍ እንዘራበታለን» አለ። አያ እንግዳው እምቢ አሉ። ጠዋት ቄስ ፍቅረ ማርያም መጥተው ዘሩን ጠበል ረጭተውታል፤ በዚያ መንደር ጠበል የተረጨበትን ዘር የሚገለብጥ የለም።

«አባዬ፣ ወፉ ሁሉ አንተ ላይ ነው የሚወርደው» አለች ምንዳዬ። «ዝናቡም አይበቃውም።»

«ይውረድ» አሉ። «ሌላው ማሳዬ ጤፍ ይሁን። ይኼኛው ግን ልጄ ያለችውን የዘራሁበት ነው። ሰው ሲጠይቀኝም እንዲህ ነው የምለው።»

ይህን ሲሉ ለማጽናናት ይሁን ለመቅጣት ምንዳዬ አላወቀችም። ምናልባት እሳቸውም አያውቁትም።

ክረምቱ ምስጢር እንዳለችው ሆነ። ሰኔ በደረቁ አለፈ፤ ዝናቡ ሐምሌን ካጋመሰ በኋላ ገባ፤ ቡሄ ካለፈ ወዲያ ዝናቡ ጠራርጎ ወጣ። የታችኛው ሜዳ ጤፍ ሙሉ ባይሆንም ደረሰ። ከመንደሩ ስልክ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲደወል የሚፈለገው ምስጢርን ነበር፤ ምስጋና ነው፤ አንዴም ማር ላኩላት። ምንዳዬ ስልኩን አንሥታ «አለች፣ አንዴ ትጠብቁኝ» እያለች ታቀብላት ነበር። ምስጢር ስለዚያ ሐሙስ ለማንም አልተናገረችም። ከምንዳዬ ጋር ምሳ መብላትን ግን ተወች፤ ጠረጴዛዎቹ እንደተገጣጠሙ ነበሩ፣ ሁለቱ ግን በሥራ ጉዳይ ካልሆነ አይነጋገሩም። ሬዲዮው ላይ ያው ድምፅ ቀጠለ። ምንዳዬም ሰው «ዝም በሉ፣ እንስማት» ባለ ቁጥር ያው ወደ መስኮቱ መዞሯን አልተወችም።

በጥቅምት ፈቃድ ወስዳ ወደ አገሯ ሄደች፤ ከየሻው ጋር ሆነው ፍሬ ያልያዘውን የአባታቸውን ማሽላ ለከብት አጨዱት።